መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?

ልጅቷ ሞታ የተገኘችው በላውንደሪው ማድረቂያ ክፍል ውስጥ፣ ከተሰቀሉት ነጫጭ የጠረጴዛ ልብሶች ሥር ነው። አጠገቧ የከሰል ምድጃ አለ፤ አመዱ ቀዝቅዟል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየቻት። ምንም አልተሰማትም። ምንም አለመሰማቱ ቤቷ ስትገባ አንዳንዴ ያስፈራታል፤ አሁን ግን ሥራ ላይ ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ቀጭን ናት፣ አንድም ድምፅ ሳታሰማ ነው የምትገባው።

«ከውስጥ ቆልፋ ራሷን አጠፋች» አለ ባለላውንደሪው።

«ከውስጥ ቆልፋ» አለች ሚስቱ።

«ከውስጥ ቆልፋ! ምስኪን!» አሉ ሊቀመንበሩ።

ሦስት ሰው አንድ ቃል ሳይዛነፍ ሲደግም ለመርፌ አይዋጥላትም።

ሊቀመንበሩ ባለሆቴል ናቸው። የከተማው ነጋዴዎች ሰውን እንደ ባሪያ አግቶ ማሠራትን ለመዋጋት ያቋቋሙትን ማኅበርም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የጠረጴዛ ልብሶቹ ለዛሬ ከሰዓቱ የማኅበሩ ስብሰባ ነበሩ፤ ሊወስዷቸው በጠዋት ሲመጡ ነው ከባለላውንደሪው ጋር ሬሳው ላይ የደረሱት። ከኪሳቸው ትንሽ ሳሙና አውጥተው ለመርፌ ሰጧት። መጠቅለያው ላይ «በነፃ እጅ የተሠራ» ይላል።

«ለየቤቱ እያደልን ነው፣ እህቴ። ሕዝቡ ካልተነሳ ነጋዴ ብቻውን የትም አይደርስም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።» አሸተተችው፤ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል።

የሟቿ ታላቅ እህት መተኮሻው ክፍል ውስጥ ቆማለች። እንድትቀመጥ የነገራት ሰው የለም።

«ሥራሽ?» አላት ቃል የሚጽፈው ፖሊስ።

«ተኳሽ ነኝ።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አቆመ።

«ልብስ» አለች። ማንም አልሳቀም።

«ሌሊት ምን ሰማሽ?» አለች መርፌ።

«ስታንኳኳ። እኔም ከዚህ ሆኜ አንኳኳሁ።»

«ወጥተሽ አላየሻትም?»

ታላቅየዋ በሯን በአገጯ አመለከተች። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። «የእሷም እንደዚሁ ነው። ከሰል ካለ ግን እትዬ አይዘጉትም፤ አንዴ ታፍነን ሁላችንም ወድቀን ነበር። ትላንት ልብሶቹ ለጠዋት ይድረሱ ስለተባለ ከሰል ገባላት።»

«ጠላት ነበራት?»

«ማን ያውቃታል ብለሽ! ስብሰባው ላይ ልትናገር ነበር እንጂ። ማኅበሩ ውስጥ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ሽርጡን ሊወስድ ሲመጣ እንደሚቆልፉብን ነገረችው፤ ‹ነይና ለሁሉም ንገሪ› አላት። ለሊቀመንበሩም ነግሮላታል።» ካውያውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «ራሷን አጠፋች ከተባለ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እዚያ ክፍል የምገባው እኔ ነኝ።»

መርፌ ወደ ማድረቂያው በር ተመለሰች። በኮሪደሩ በኩል አረንጓዴ፣ በውስጥ በኩል ነጭ ተቀብቷል። መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው፤ ቀለሙ ግን አረንጓዴ ነው። በኮሪደሩ በኩል የብሎን ቀዳዳዎች በነጭ ነገር ተደፍነው፣ ነጩ ቀልጦ በሩ ላይ ወርዷል። ጣቷን አስነክታ አሸተተች።

«ስብሰባው እንዳይቀር» አለች።

ከሰዓት በኋላ በሆቴሉ አዳራሽ ጠረጴዛዎቹ ልብስ አልነበራቸውም። ነጋዴዎቹ ባዶውን እንጨት ከበው ተቀምጠዋል። ታላቅየዋ በሩ አጠገብ ናት። መርፌ መቀርቀሪያውን አስፈትታ ይዛ መጥታለች።

«አረንጓዴ ነው። ስለዚህ የነበረው በውጭ በኩል ነው፤ ወደ ውስጥ የዞረው ከሞተች በኋላ ነው። የሞተ ሰው ብሎን አይፈታም።»

ሰው ሁሉ ወደ ባለላውንደሪው ዞረ።

«እሳቸው አይደሉም። ቀዳዳዎቹ የተደፈኑት በሳሙና ነው። ያን ኮሪደር እንፋሎት ስለሚሞላው ሳሙና እንደማይቆይ የላውንደሪ ሰው ያውቃል። ከሰል ሲነድ በሩ እንደማይዘጋም ያውቃል። በሩን የዘጋውም፣ ቀዳዳውን የደፈነውም ሁለቱንም የማያውቅ እንግዳ ነው።» የተሰጣትን ሳሙና ከመቀርቀሪያው ጎን አስቀመጠች። «ሽታው ይኸው ነው።»

«ይኼ ሳሙና በከተማው የሌለበት ቤት የለም!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ልክ ነዎት። ጠዋት ባለላውንደሪው እኛን ሊጠሩ ሲወርዱ፣ ከሬሳው ጋር ብቻውን የቀረው ግን አንድ ሰው ነው።»

ባለላውንደሪው አቀርቅሮ ተናገረ። «እኔ ስደርስ በውጭ በኩል ተዘግቶ ነበር። ዝም ያልኩት ዝምታው ለእኔም ስለሚበጀኝ ነው።»

«እኔ ክፍት ነበር የተውኩት» አለች ሚስቱ። «ሊቀመንበሩ ማታ ልብሶቹን ሊያዩ ወጡ። ሲወርዱ ‹ዘግቼልሻለሁ› አሉኝ። የመንገዱን በር መስሎኝ።»

«እርስዎ ስታንኳኳ አልሰሙም?» አለች መርፌ።

«ሁልጊዜ ታንኳኳለች።»

ሊቀመንበሩ ሳሙናውን እያዩ ተናገሩ። «ስብሰባው እስኪያልፍ ብቻ ነበር። የእኔን አንሶላ የሚያጥቡት የተቆለፈባቸው ልጆች ናቸው ከተባለ ማኅበሩ መፍረሱ ነው። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ላስወጣት ነበር። ከሰሉን ልብ አላልኩትም።»

ፖሊሱ ይዟቸው ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው መቀርቀሪያውን አንስቶ ሲያገላብጥ ቆየ።

«እኔም ጓዳ የምታድር ልጅ አለች። መቀርቀሪያው በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም» ብሎ ተነሳና ወጣ። ሌላው ተከተለው፤ ከዚያ ሌላው። የወንበር ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። መርፌ ጠዋት ያልተሰማት ነገር የተሰማት ያኔ ነው፤ ሳሙናውን አንስታ ኪሷ ከተተችው።

«ማታ የት ነኝ?» አለች ታላቅየዋ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከነጋዴዎቹ መሃል መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ ቀረት ብላ ቁልፍ ዘረጋችላት። «እኔ ቤት፣ እህቴ። ክፍሉ በውስጥ በኩል ነው የሚቆለፈው። ቁልፉን የምትይዢው አንቺ ነሽ።»

ታላቅየዋ ቁልፉን ተቀበለች። የሥራ ልብሷ ኪስ ስላልነበረው ጨብጣው ወጣች።