የቀኙ ፓራፋንጎ

ፋዲላን ያገኟት አቶ ጉቱ ናቸው። ከደራ ወጣ ብሎ፣ ወደ አዳማ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለውን የሽንኩርት ማሳቸውን ሊያጠጡ በማለዳ ሲወርዱ፣ ቦዩ ውስጥ ሐምራዊ ሻርፕ አዩ። ነፋስ የጣለው መሰላቸው። ጠጋ ሲሉ ልጅቱ በጎኗ ተኝታለች። አንድ እጇ ወደ አስፋልቱ ተዘርግቷል።

ኢንስፔክተር ገላኔ ስትደርስ ሰው ከቦ ቆሟል። የትራፊክ አደጋ መርማሪ ናት፤ ብዙ አይታለች። ያን የተዘረጋ እጅ ግን ጎንበስ ብላ አየችው። ልጅቱ ከተገጨች በኋላ ወደ መንገዱ ለመውጣት ሞክራለች። ሳሩ ላይ የተሳበችበት ምልክት ይታያል።

አስፋልቱ ዳር ብርቱካንማ የፍሬቻ ስባሪ ተበትኗል። ሻርፗ ዙሪያውን በነጭ ዶቃ የተሰፋ ነው። አንዱ ጫፍ ተቀዷል። የተቀደደው ቁራጭ ተፈልጎ አልተገኘም።

ሐኪሙ የነገራት ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳ ነበር።

"የተገጨችው ከሰዓት በኋላ ነው። ወዲያው አልሞተችም። እስኪመሽ ድረስ በሕይወት ነበረች። ቶሎ ያነሳት ሰው ቢኖር ትተርፍ ነበር።"

ገላኔ ተናደደች። መግጨትስ አደጋ ነው እንበል። ሰው ነፍሱ ሳትወጣ ቦይ ውስጥ ትቶ መሄድ ምን ይባላል?

የፋዲላ አባት ጃዕፈር አዳማ ውስጥ ስሙ የተጠራ ባትላሜራ ነው። የተጨማደደ የመኪና አካል ቀጥቅጦ አዲስ ያስመስላል። ገጠር ለገጠር ለሚነዱ መኪኖች ደግሞ ግራርና ድንጋይ እንዳይልጣቸው ከላይ ላሜራ ያለብሳቸዋል። ፋዲላ ብቸኛ ልጁ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ያን ቀን አክስቷን ልትጠይቅ ደራ ሄዳ ነበር።

አስከሬኗን ወደ አዳማ ያመጣው የአባቷ ጓደኛ መሐመድዘይን ነው። መሐመድዘይን ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ላንድክሩዘር ይነዳል። ከጃዕፈር ጋር ገና በጉርምስናቸው ከወሎ አብረው መጥተው፣ አንድ ክፍል ተጋርተው ነው ኑሮ የጀመሩት። ፋዲላ አጎቴ ነበር የምትለው። የኋላውን ወንበር አጥፎ ፍራሽ አነጠፈላት። ጃዕፈር አጠገቧ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ "ቀስ እያልክ ንዳ፤ አታንገጫግጫት" እያለ ለመነው። እሱም ቀስ እያለ ነዳ። በዚያው ቀን ተቀበረች።

በማግስቱ የደራው ባጃጅ ነጂ ሞቲ ተያዘ። ፋዲላን ባጃጁ ውስጥ ያዩ ሰዎች አሉ። ሲጨቃጨቁም ተሰምተዋል። ይባስ ብሎ የባጃጁ የፊት ፍሬቻ ተሰብሯል።

"ፋዲላን ታውቃታለህ?" አለችው ገላኔ።

"ልንጋባ ነበር፣ አዴ ገላኔ።"

"ምን አጣላችሁ?"

"ሽማግሌ ልላክ አልኳት። ትምህርቴን ሳልጨርስ አባዬን አላስጨንቀውም አለችኝ።"

"አንተስ?"

"ተናደድኩ። መንገድ ላይ አወረድኳት።"

"የት?"

"ከቦዩ አጠገብ። ሚኒባስ አታጪም ብያት ሄድኩ።"

"ፍሬቻህን ማን ሰበረው?"

"በሬ።"

"ምን?"

"በገበያ ቀን በሬ ነው የረገጠው። ወላሂ!"

ከኋላዋ የቆሙት ፖሊሶች ሳቁ። ሞቲ ግን እያለቀሰ ነበር፤ ፊቱን እንኳ መጥረግ ረስቷል። ገላኔ ብዙ የውሸት እንባ አይታለች። ይሄኛውን መለየት አቃታት።

ለሰፈሩ ሰው ግን ነገሩ ያለቀለት ነው። ገዳይ ተገኘ ተባለ። ባጃጁን ካላቃጠልን ያሉ ጎረምሶች በፖሊስ ተበተኑ።

ገላኔ ስባሪዎቹን ይዛ አዳማ መለዋወጫ ተራ ገባች። ሻጩ ገና አንዱን ሲያነሳ ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ የባጃጅ አይደለም። ውፍረቱን እይው። የትልቅ መኪና ነው።"

ከዚያ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ሆነ። ቀኝ ጎኑ ተጎድቶ ሊቀጠቀጥ የመጣ ትልቅ መኪና አለ? የለም። እዚህስ? የለም። በየደረሰችበት የለም። ያልጠየቀችው ጋራዥ አንድ ብቻ ነበር፤ የጃዕፈር። ልጁን የቀበረ ሰው፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ሥራ ይጠየቃል? ነውር ነው። በሩም ተቆልፏል። ጠይቂው ያላት የለም፤ እሷም አላሰበችውም። አገር ምድሩ እንዲህ ጨዋ በሆነበት ጊዜ ነው ገዳይ ደህና እንቅልፍ የሚተኛው።

ወደ ለቅሶው ድንኳን የሄደችውም ስለ ሞቲ ለመናገር እንጂ ለምርመራ አልነበረም። ሰው ሞቲን ሳይጎዳው ቤተሰቡ እውነቱን ከእሷ አፍ ይስማ ብላ ነው።

መሐመድዘይን እንደ ቤተሰብ ሆኖ ለእንግዶች እጅ ያስታጥባል። ጃዕፈር ጥግ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ፂሙ አድጓል፤ ዓይኑ ደርቋል። ከሰማበት ሰዓት ጀምሮ አንድ ጊዜም እንዳላለቀሰ ሚስቱ ሲሃም በጭንቀት ለሰው ትናገራለች።

"አላህ ሰብሩን ይስጥዎ፣ ጋሽ ጃዕፈር" ብላ ገላኔ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አሚን ልጄ። ያ ልጅ አመነ?"

"እሱ አይደለም። የገጫት ትልቅ መኪና ነው።"

 ጃዕፈር የጠቆሩ ጥፍሮቹን ጫፍ እያየ ተናገረ።

"እሷ ቦይ ውስጥ ስትጣራ እኔ ላሜራ ላይ ማያያዣ ሪቬት እየመታሁ ነበር።"

"በምን ያውቃሉ? ራስዎን አይውቀሱ።"

"አታውቂም ልጄ። ስልኳ ጥሪ አይቀበልም አለኝ። ከደራ መመለሻ ሰዓቷ አልፏል። ልፈልጋት ልሄድ ቸኩዬ በዕድሜዬ የማልሠራውን ሠራሁ። የጎደጎደ አካል ሳላቀና ላሜራ አለበስኩበት። ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀጥቅጬ ነው የምሸፍነው። ያን ቀን ተወው፣ ይሸፈናል ሲለኝ እሺ አልኩት።"

ገላኔ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

"የጎደጎደው የቱ ጋ ነው?"

"ቀኙ ፓራፋንጎ፤ ከፊት ጎማው በላይ።"

"የማን መኪና?"

 የጃዕፈር ዓይን በድንኳኑ በር አልፎ ውጭ የቆመው ላንድክሩዘር ላይ አረፈ። የፋዲላን አስከሬን ያመጣው መኪና። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ መሐመድዘይንን አየው። መሐመድዘይን የአንድ ሽማግሌ እጅ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነበር። ሽማግሌው ታጥበው ጨርሰዋል። እሱ ግን ማፍሰሱን አላቆመም።

ገላኔ ወጥታ መኪናውን ዞረችው። የግራው ፍሬቻ በፀሐይ ደብዝዟል። የቀኙ አዲስ ነው። ከበላዩና ከጎኑ አልሙኒየም ላሜራ እያብረቀረቀ ተቀምጧል።

"በያጅ ጥራ፤ ላሜራው ይፈታ" አለች አብሯት ለመጣው ፖሊስ።

"ማንም አይነካውም" አለ ጃዕፈር ከኋላዋ። "እኔ ነኝ የመታሁት፣ እኔ እፈታዋለሁ።"

መብሻ ትራፓኖ ከጋራዡ አስመጣ። ለቀስተኛው ድንኳኑን ትቶ ወጣ። ጃዕፈር ሪቬቶቹን አንድ በአንድ እየበሳ ጣላቸው።  ላሜራው ሲነሳ፣ ሁለቱ ብረቶች ተነካክተው እንዳይዝጉ ከመሃል ያነጠፈው የጎማ ላስቲክ ታየ። ላስቲኩን ገለጠው። ከስሩ ፓራፋንጎው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ከመብራቱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ፣ በላስቲኩ ተጭና፣ አንዲት ሐምራዊ ቁራጭ ጨርቅ አለች። ነጭ ዶቃ አለባት።

ሲሃም ጮኸች። ዶቃውን አንድ በአንድ የሰፋችው እሷ ናት።

"ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር" አለ ጃዕፈር ለማንም ሳይሆን። "ላስቲኩን በዳበሳ ነው ያነጠፍኩት።"

መሐመድዘይን አልሮጠም። ጆጉን እንደያዘ መጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ጫት ቅሜ አድሬ ነበር። መንገድ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ" አለ። "የግጭት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወርጄ ከሩቅ አየሁ። ሐምራዊ የለበሰ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ግን አላየሁም።"

"ለምን አላነሳሃትም?" አለች ገላኔ።

"ፈራሁ። እስር ቤቱን፣ ልጆቼን አሰብኩ። ላሜራው ቀድሞ ተለክቶ ተቆርጦ ይጠብቀኝ ነበር። ፍሬቻ ቀየርኩና ወደ ጃዕፈር ሄድኩ። ዛፍ ነክቼ ነው አልኩት።"

"ፋዲላ መሆኗን መቼ አወቅህ?"

መሐመድዘይን አንገቱን ደፋ።

"ልጄ ከደራ አልተመለሰችም ሲለኝ። ሐምራዊ ሻርፕ ነው የለበሰችው አለኝ። የመጨረሻውን ሪቬት እየመታ ነበር።"

"ያኔ በሕይወት ነበረች። ታውቃለህ?"

"አላወቅሁም! ሞታለች ብዬ…"

"አንተ ነህ በደራ በኩል እኔ እፈልጋለሁ፣ አንተ በዩኒቨርሲቲው በኩል ሂድ ያልከኝ" አለ ጃዕፈር። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"አዎ።"

"ሄድክ?"

"መንገዱ ላይ እስካለው ድልድይ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እግሬ እምቢ አለኝ። ተመለስኩ። ከነገርኩህ አጣሃለሁ ብዬ ነው፣ ጃዕፈር። ከአንተ ሌላ ወንድም የለኝም።"

"እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበረኝም።"

ገላኔ ካቴናውን አወጣች። መሐመድዘይን እጆቹን ራሱ ዘረጋላት። ሲወስዱት ጃዕፈር አላየውም። ያቺን ቁራጭ ጨርቅ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ፣ ገላኔ ማስረጃ ናት ስትለው እጁን መለሰ።

በነጋታው ሞቲ ተፈታ። ከጣቢያ በቀጥታ የመጣው ወደ ድንኳኑ ነው። መግባት ፈርቶ ደጁ ላይ ቆመ። ባጃጁን ካላቃጠልን ያሉት ጎረምሶች አንገታቸውን ደፍተው መንገድ ለቀቁለት። ጃዕፈር ከጥጉ አየው።

"ና ልጄ" አለው፣ መሐመድዘይን ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ በእጁ እየነካ። "እዚህ ተቀመጥ።"

ሞቲ ከጎኑ ተቀመጠ። ራሱን ሳያቀና ተናገረ።

"እዚያ ያወረድኳት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"የሸፈንኩት ደግሞ እኔ ነኝ" አለ ጃዕፈር።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።