የቆመ ይቈጠራል

«ተቀምጦ መቅረት እንዴት ያቅትሃል? መቀመጥ ምን ጉልበት ይፈጃል?» አለች እኅቱ፤ እንዝርቷንም ከነጥጡ ወደ ቅርጫቱ ወረወረችው።

«እትዬ፣ ነገርኩሽ እኮ። ለሕጉ አልተነሣሁም። ሹሙ ሲገቡ ነው የተነሣሁት።»

«ታዲያ ሲቈጥሩህ፣ ይኼ ለሕጉ፣ ይኼ ለአክብሮት ብለው ለዩህ?»

«አልለዩኝም።»

«አፍ አልነበረህም? ምግብ ጨው ሲያንሰው ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ድምፅህ የት ሄደ?»

ሸማኔው አቀረቀረ። ባሏ፣ የሸማኔዎች ሰፈር ዳኛ፣ ከጥግ ሆኖ የተሰነጠቀውን የሽመና መወርወሪያ ጫፍ በቢላ ይልግ ነበር። «ተዪው እስቲ» አለ፤ «የተቃጠለ ሰው ላይ ፍም አይጨመርም።»

ይህ የሆነው ንጉሡ ለሕዝቡ ሸንጎ በፈቀዱ በሁለተኛው ዓመት፣ በበጋው መጨረሻ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ የሸማኔዎች ሰፈር ዳኛውን የሚመርጠው ራሱ ነበር፤ አባወራዎቹ በየዓመቱ በገበያው አደባባይ ይሰበሰባሉ፤ የሚያምኑትን ሰው ከመካከላቸው ያስቀምጣሉ፤ ቢያዳላም ይሽሩታል። ባለፈው ክረምት የግምጃ ቤቱ ሹም ሸማኔዎቹ ለቤተ መንግሥቱ ያለ ዋጋ እንዲሠሩ ባዘዙ ጊዜ፣ «እጅ ከሠራ ዋጋ አለው» ብሎ በሹሙ ላይ የፈረደው ይኸው የእኅቱ ባል ነበር። ሹሙም ፍርዱን በይግባኝ አልተከራከሩትም፤ የሰፈር ዳኛ ሁሉ ከላይ ይሾም የሚል ሕግ ለሸንጎው አቀረቡ እንጂ።

ሸማኔው የሰፈሩ እንደራሴ ነበርና ሕጉን እንደሚቃወም በአደባባይ ቃል ገብቷል። የሸንጎው ደንብ ግልጽ ነው፤ የሚስማማ ይነሣል፤ የማይስማማ ተቀምጦ ይቀራል። ነገር ግን አፈ ጉባኤው «የምትስማሙ ተነሡ» ባሉበት ቅጽበት የጎን በሩ ተከፈተና ሹሙ ገቡ። አባቱ የሞተ ጊዜ ከቤታቸው አስጠግተው ያሳደጉት፣ የመጀመሪያውንም የሽመና ዕቃ ገዝተው ሰው ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ጉልበቱ ጌታውን ሳያማክር ተነሣ።

ለእኅቱ የነገራት እስከዚህ ድረስ ነበር። ያልነገራት ግን ይህ ነው። ቈጣሪው ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ በበትሩ እየጠቆመ እስኪመጣ ድረስ ተመልሶ ለመቀመጥ ጊዜ ነበረው፤ ሹሙ ግን ዓይናቸውን ጣሉበትና ፈገግ አሉ፤ እርሱም የኮቱን ቁልፍ እየነካካ ቆሞ ቀረ። ሲወጡም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ከሸማኔ መካከል አስተዋይ ሰው አለ ስላቸው አያምኑኝም ነበር» አሉት፤ እጅ ነሣ። ከሁሉ የሚያሳፍረው፣ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎት ነበር። ሕጉም ያለፈው በአንድ ሰው ብልጫ ነው።

«ነገ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ እርማት ያለው ይጠየቃል ብለኸኛል» አለች እኅቱ፤ «ተነሥተህ፣ በስሕተት ተቈጥሬያለሁ በል። ስምህን ወደ ተቀመጡት ያዞሩታል፤ ሕጉም ይወድቃል።»

«እሺ።»

«እሺ አይበቃኝም። እትዬ ትሙት በል።»

«እትዬ ትሙት!»

«እኔ ሳልሻር እሷን ገደላችኋት እኮ» አለ ዳኛው፤ ሦስቱም ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

በማግሥቱ ሸንጎው እንደ ልማዱ ተቀመጠ። አዳራሹ ቀድሞ የእህል ጎተራ የነበረ ረጅም ቤት ነው፤ ከአዲሶቹ አግዳሚዎች የእንጨት ቅባት ይሸታል፤ ከጣሪያው ግን የድሮው ገለባ አቧራ አሁንም ይረግፋል። ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ አፈ ጉባኤው፣ «እርማት ያለው እንደራሴ ይነሣ» አሉ።

ሸማኔው ተነሣ።

«ይናገሩ፣ የሸማኔዎች እንደራሴ።»

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔ... በትናንቱ ቈጠራ ላይ...»

ሹሙ ከፊተኛው ወንበር ዞሩ። ተቈጥተው ቢሆን ይቀለው ነበር። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ ልጁ ፊደል ሲቈጥር እንደሚያዳምጥ አባት አንገታቸውን ዘንበል አደረጉለት። «በርታ ልጄ፤ ጆሮዬ ደክሟል፣ ድምፅህን ከፍ አድርገው።»

ሸማኔው ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ።

«በቈጠራው ጊዜ... ብዙ ሰው ያስል ነበር» አለ፤ «አቧራው ነው። በበሩ አጠገብ የመጠጥ ውኃ ማሰሮ ቢቀመጥ ብዬ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አፈ ጉባኤውም፣ «ይህስ እርማት አይደለም፤ ሐሳብ ነው። ቢሆንም መልካም ነው፤ የምትስማሙ ተነሡ» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ሸማኔው መነሣት አላስፈለገውም፤ እንደ ቆመ ነበር።

እኅቱ ከቤት ደጅ ቆማ ጠበቀችው።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

«ምን አልክ?»

ስድቧን ጠበቀ፤ አልመጣም። እንደማያውቁት ሰው መንገድ ለቀቀችለትና ወደ ቤት ገባ።

በኋላ ዘመን የሸንጎውን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ያንን ሕግ በብዙ ገጽ መርምረውታል፤ ሥልጣን ከሕዝብ ይወጣል ወይስ ከዙፋን ይወርዳል እያሉም ተከራክረውበታል፤ የአንዲቱን ድምፅ ብልጫ አንዱ የዘመኑ መንፈስ፣ ሌላው የመንግሥቱ ጥበብ ብሎ ተርጕሟታል። ስለ ሸማኔዎች እንደራሴ ግን የሚገኘው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የመጠጥ ውኃ ሐሳብ አቅርቦ በሙሉ ድምፅ አስጸደቀ ይላል። ውሸት የለበትም።

ከላይ የተሾመው ዳኛ የመጣው ከዝናቡ በፊት ነው። ሰፈሩ ሥራውን ፈትቶ በአደባባዩ ተሰለፈ፤ ሸማኔውም እንደራሴ ነውና ከፊት ቆመ። የሰፈሩ ጥጥ የሚታደለው ከግምጃ ቤቱ ነውና፣ የተሻረው ዳኛ ጥጥ የሚሰጠው ካጣ ሰንብቷል። በዚያው ረፋድ እርሱና ሚስቱ ጓዛቸውን በአንዲት አህያ ጭነው በማቅለሚያ ቤቶቹ ጀርባ ብቅ አሉ፤ እርሱ ልጓሙን ይዟል፤ እርሷ የጥጥ ቅርጫቷን አዝላለች። ሸማኔው አያቸው። አዲሱ ዳኛ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሕዝቡም ለመስማት ወደ እሳቸው ተጠጋ፤ አህያዋም ከሰፈሩ የሚያወጣውን ድልድይ ተሻገረች።