በአንድ እጅ የሚነሳ ድምፅ

ፅዮን የቤዝ ጊታሩን ወፍራም ክር በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። የመደብሩ የመስታወት በር ተንቀጠቀጠ። ድምፁ በጆሮዋ ሳይሆን በጫማዋ ሶል በኩል የገባ መሰላት፤ ወጥቶ ወጥቶ ደረቷ ውስጥ ሲደርስ እዚያው ቁጭ አለ።

«ኪሩ! ሰማኸው?»

ታላቅ ወንድሟ ከባንኮኒው ጀርባ ስልኩን ይነካካል። «ሰማሁ። ግን ማን ይገዛታል?»

ፅዮን ዓይኗን ከትንሿ ሳጥን ላይ መንቀል አቃታት። አባታቸው ከአዲስ አበባ ከላካቸው ዕቃዎች ጋር የመጣች የቤዝ አምፕሊፋየር ናት፤ ማጉያውም ስፒከሩም እዚያችው ውስጥ ነው። ቁመቷ ከጉልበት አያልፍም፤ ከደብተር ቦርሳዋ ብዙም አትከብድም። ይህን ሁሉ ነጎድጓድ ከየት አመጣችው? አነሳቻት፤ አስቀመጠቻት፤ ደግማ አነሳቻት። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ለዚህ መልስ የሚሆን አልመሰላትም። ተገረመች ማለት ያንሳል፤ ፈዛ ቀረች።

ችግሩ ገዢው ነው። ወደ እነሱ መደብር የሚመጣ ሰው ሰምቶ አይገዛም፤ አንስቶ ነው የሚገዛው። ዕቃውን ብድግ ያደርጋል፤ ወገቡን ከያዘው «ይሄማ ዕቃ ነው» ይላል። ይህችን ያነሳ ሁሉ ግን «ባዶ ናት እንዴ?» ብሎ ይስቃል። አንዱማ ለልጄ መጫወቻ አልፈልግም ብሎ ሄደ። ፅዮን ያን ዕለት እሷን የሰደቧት ያህል ተናዳ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኪሩን ካቻቢቴ ይዞ የሳጥኗን ጀርባ ሲገጥም አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ክብደት ሰጠኋት» አለና ፈገግ አለ። «ከጋራዥ የብረት ቁራጭ አምጥቼ ውስጧ አሰርኩ። ድምፁ እንደሆነ ያው ነው። ሰው ከባድ ከፈለገ ከባድ ይግዛ! አባዬ ሲመለስ እዚሁ ቆማ ካገኛት፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ዳግም አያመጣም።»

ይሄኛው እውነት ነበር።

ወዲያው ጋሽ ዐብዱልከሪም ገቡ። ከጎንደር እስከ ጠዳ በየሠርጉ ቤዝ የሚጫወቱ፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ሰው ናቸው።

«ልጆች፣ ያ የእኔ አምፕሊፋየር ጨረሰኝ» አሉ። «ባለፈው ከባጃጅ ሳወርደው ወገቤ ቀጭ አለ። ሌላ ካላገኘሁ ሙዚቃውን መተዌ ነው።»

ኪሩ ሳጥኗን አሳያቸው። ጎንበስ ብለው ሲያነሷት ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ ቢሆንም ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ።

«ትንሽ ብትሆንም ክብደት አላት። ይች ሸጋ ዕቃ ናት። ወገቤ እንግዲህ ቻለው!»

ኪሩ እህቱን በዓይኑ ጠቀሳት፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ብትናገር ወንድሟ ይዋረዳል፤ የመደብሩ ስም ይጠፋል። ዝም ብትል ደግሞ እኚህ ሰው ያን ብረት በየሠርጉ ሊሸከሙት ነው። ድምፅ መስሏቸው ብረት ሊሸከሙ!

ካቻቢቴውን ከባንኮኒው ላይ አነሳች።

«ጋሽ ዐብዱልከሪም፣ አንዴ ያስቀምጧት።»

«ፅዮን!» አለ ኪሩ።

እሷ ግን ተንበርክካ ብሎኖቹን ፈታች፤ ብረቱን አውጥታ ወለሉ ላይ አኖረችው። ጋሽ ዐብዱልከሪም አንዴ ብረቱን፣ አንዴ ሁለቱን ልጆች አዩ።

«ምነው? ማነው ይሄን የከተተው?»

ኪሩ አንገቱን ደፋ።

«እኛ ነን» አለች ፅዮን። «ቀላል ስትሆን የሚያምናት ስላጣን።» ጀርባዋን መልሳ ገጠመች፤ ገመዱን ሰካችና ጊታሩን አቀበለቻቸው። «አሁን እንዳያነሷት። መጀመሪያ ይስሟት።»

ሰውየው ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ጊታሩን ተቀበሉ። አንድ ጊዜ መቱ። በሩ ተንቀጠቀጠ፤ ኪሩም ቀና አለ። ጋሽ ዐብዱልከሪም ወደ ሳጥኗ ዝቅ ብለው አፈጠጡ።

«ይች?» አሉ በሹክሹክታ። «ይች ናት?»

ደግመው መቱ።