ከነጠላ ሥር የተደበቀው ምሳ ዕቃ

ሻንቶ ከተማ ውስጥ ሰው ታመመ ከተባለ ከዘመድም ከጎረቤትም ቀድማ የምትደርሰው ፈጠነች ናት። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ለእሷ ይመስላል። የማርያም ማኅበር እናቶች በሽተኛ ሊጠይቁ ሲነሡ ሚኒባስ የምታስቆመው፣ ማን ምን ይዞ እንደሚሄድ የምታከፋፍለው፣ ሆስፒታል በር ላይ ከዘበኛ ጋር የምትከራከረው እሷ ናት። በባዶ እጅ በሽተኛ መጠየቅ በእሷ ዓይን ከስድብ አይተናነስም። በሽተኛውም የመጣለትን ሳይቀምስ ከሸኘ እንደዚያው ነው።

ጓሮዋ ውስጥ ከሌላው ለይታ የምትጠብቀው አንድ ዓይነት እንሰት አላት። እናቷ ከሃላሌ በኩል አምጥታ የተከለችው ነው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው የዚህን እንሰት አሚቾ፣ ማለትም ሥሩን፣ ቀቅሎ በወተትና በቅቤ ከበላ ስብራቱ ቶሎ ይጠገናል ይባላል። ስንቱ በምርኩዝ እያነከሰ ደጇ መጥቶ ወስዷል። በልማዱ ላይ ክፉ ነገር ለመናገር አይደለም፤ አሚቾ በሰዓቱ ከተበላ ማንንም ገድሎ አያውቅም።

ባሮክ የሟች እህቷ የአያልነሽ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበርና ያሳደገችው ፈጠነች ናት። አድጎ እጁ የተፈታ አናጢ ወጣው፤ ማኅሌት የምትባል ጨዋ ልጅ ካገባም ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሰው ቤት ቆርቆሮ ሲመታ የቆመበት እንጨት ከዳውና ወደቀ። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ከዚያ በቀር ሌላ ጉዳት አላገኘውም። ማኅሌትና የሥራ ባልደረቦቹ ክንዱን አስረው ሶዶ ወደሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዱት።

የድንገተኛ ክፍሉ መፈናፈኛ አልነበረውም። አልጋ ያላገኙት ኮሪደሩ ላይ በቃሬዛ ተኝተዋል፤ በእያንዳንዱ በሽተኛ ዙሪያ አራት አምስት ሰው ቆሟል፤ ነርሶቹ የሚያልፉት በክርናቸው እየገፉ ነው። ቢሆንም ባሮክ ራጅ ተነሣ፣ ቁስሉ ታጠበለት፣ ለዘጠኝ ሰዓት ቀዶ ሕክምና ተያዘለት። ሳምራ የምትባለው ነርስ ራስጌው ላይ ወረቀት ለጠፈችና ወደ ማኅሌት ዞረች።

«ከአሁን ጀምሮ በአፉ ምንም እንዳይገባ። ምግብም ውኃም። ማደንዘዣ ስለሚወስድ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት።»

ማኅሌት የደረቀ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ከመንካት በቀር ምንም አላደረገችም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፈጠነች ከዐሥራ አንድ የማኅበር እናቶች ጋር ደረሰች። ዘበኛው በሩ ላይ አገዳቸው።

«እናቶቼ፣ የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም። ሁላችሁ ከገባችሁ ሐኪም በየት ያልፋል?»

«ተሰብሮ የተኛው ልጄ ነው። አንተ እናት የለህም?»

«አለኝ። እሺ፣ አንድ ሰው ብቻ ይግባ።»

የገባችው እሷ ናት። ነጠላዋ ሥር ገና ትኩስ የሆነ አሚቾ የሞላበት ምሳ ዕቃ ይዛለች። ባሮክን ስታየው እንባዋ መጣ፤ ግንባሩን ሳመችውና ወዲያው ክዳኑን ለመክፈት እጇን ሰደደች።

«እትዬ፣ ምንም እንዳይቀምስ ብለዋል» አለች ማኅሌት።

«እነሱ ምን ቸገራቸው? በልተው ነው የመጡት። ይሄን ሁሉ ደም አፍስሶ በባዶ ሆዱ ቢላዋ ይችላል?»

«ማደንዘዣው ነው አሉ። ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ይመለሳል አሉኝ።»

«እኔ ይሄን ልጅ ያሳደግሁት ሐኪም እየጠየቅሁ ነው?»

ማኅሌት ከዚህ በላይ የባሏን አሳዳጊ መከራከር አልቻለችም፤ ግን ከቃሬዛው አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ፈጠነችም ምሳ ዕቃውን መልሳ ሸፈነችው። ጥቂት ቆይቶ ሳምራ ለቀዶ ሕክምናው የጎደለ ዕቃ ከመድኃኒት ቤት እንድታመጣ ማኅሌትን ላከቻት።

ማኅሌት ከዓይን እንደ ራቀች ክዳኑ ተከፈተ።

«አክስቴ፣ ተከልክያለሁ እኮ» አለ ባሮክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንዲት ጉርሻ ብቻ። በሞቴ።»

በሞቴ ከተባለ እንግዲህ ማን እንቢ ይላል? ያውም ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በዚያ እጅ የጎረሰ ሰው። ጎረሰ። አንድ ያጣላል ተባለና ሁለተኛው ተከተለ። እሱም ከማለዳ ጀምሮ ሆዱ ባዶ ነበር፤ ሽታው አሸነፈው። ማኅሌት ስትመለስ ምሳ ዕቃው ባዶውን ከነጠላው ሥር ገብቶ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የማደንዘዣ ባለሙያው እስራኤል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ስሙን ጠየቀ፣ ከዚህ በፊት ተኝቶ ታክሞ እንደሆነ ጠየቀ። ቀጥሎ የጠየቀውን ግን ፈጠነች እስክትሞት አትረሳውም።

«ዛሬ ምግብ ወስዷል?»

«ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በልቶ ከወጣ ወዲህ ውኃ እንኳ አልቀመሰም» አለች ማኅሌት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማርያምን።»

እስራኤል ወደ ባሮክ ተመለከተ። ባሮክ ዓይኑን ከፍቶ አክስቱን አያት፤ እንድትናገር ጠበቃት። ታላቅን ሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው ብላ ያሳደገችው እሷው ናት። ዝም ስትልበት ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

ምሳ ዕቃው ገና ለብ እንዳለ ጎኗን ይነካታል። ብናገር ያቺ ነርስ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትጮህብኛለች፣ ማኅሌትም ትታዘበኛለች አለች በልቧ። ደግሞስ ጥቂት አሚቾ ምን ያመጣል? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም አለችና ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። እስራኤልም የተነገረውን ጽፎ ሄደ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እስራኤል ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ወጣ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«ሆዱ ሙሉ ነበር» አለ። «ማደንዘዣ ስንሰጠው ምግቡ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ገባ። አሁን የሚተነፍሰው በማሽን ነው። ነግራችሁን ቢሆን ሰዓት እናሸጋግርለት ነበር፤ መቆየት ካልቻለም አስቀድመን እንጠነቀቅ ነበር።»

«ምንም አልበላም እኮ! ማርያምን አልበላም» አለች ማኅሌት፤ ደጋግማ ማለች። ፈጠነች ያን ጊዜም አልተናገረችም።

ባሮክ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። በማግስቱ ትኩሳት ያዘው። አርብ ጠዋት አረፈ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር።

በሣልስቱ ድንኳኑ ሞላ። ገሚሱ ቀኑ ደርሶ ነው እያለ ያጽናናል። ገሚሱ ተቆጥቷል፤ ከሁሉም የባሰባት የማኅበሯ የትምወርቅ ናት።

«ሐኪሞቹ ናቸው የጨረሱት። ክንዱ ስለተሰበረ ሰው ይሞታል? መከሰስ አለባቸው።»

ብዙዎች እውነትሽን ነው አሉ። ከወንዶቹም አንዱ ነገ ሶዶ ወርደን እናመለክታለን አለ። ፈጠነች ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ሐኪሞቹን ተዉአቸው። ቀኑም አልደረሰም ነበር። እኔ ነኝ። አትስጡት ተብሎ በሞቴ ብዬ አጎረስሁት። በልቷል ወይ ብለው ሲጠይቁ ደግሞ ዝም አልሁ። አሁን ብናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ግን የሰው ስም በውሸት አይጥፋ።»

ማኅሌት ቀና አለች።

«ማርያምን ብዬ ስምል አጠገቤ ነበሩ፣ እትዬ።»

«ነበርሁ።»

«ምሳ ዕቃውስ?»

«ከነጠላዬ ሥር።»

ማኅሌት ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ፈጠነችን መንገድ ላይ ስታገኛት አንገቷን ደፍታ ሰላም ትላታለች፤ ቤቷ ግን ረግጣ አታውቅም። ፈጠነችም ለምን አትልም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እናስተምራለን፤ ለበሽተኛ ያበላነውን፣ በቤት ያጠጣነውን ሥርና ቅጠል ግን ከሐኪም እንደብቃለን። ቁጣ ፈርተን ነው። ሰው መጠየቅ ትልቅ በጎ ሥራ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ራስጌው ላይ «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን በሽተኛ ማጉረስ ጥየቃ አይደለም። ያጎረሰ ሰው ደግሞ ወዲያው ከተናገረ የሚያገኘው እፍረት ብቻ ነው። ፈጠነች ይህን የተማረችው በልጇ ነው፤ ሌላው ሰው በእሷ ቢማር ይሻላል።

በዓመቱ የየትምወርቅ ባል ወልደመስቀል ወድቆ ጭኑ ተሰበረና እዚያው ሆስፒታል ገባ። ፈጠነች ባዶ እጇን ሄደች። የማኅበሩን እናቶች ውጭ አስቀምጣ ብቻዋን ገባችና ራስጌው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ፊት ቆመች። እስራኤል መጣ፤ አላስታወሳትም። ስንቱን በሽተኛ ያያል።

«ዛሬ ምግብ ወስዷል?»

«ኧረ ምንም» አለች የትምወርቅ፤ ዓይኗ ግን አልጋው ሥር ወዳለው ዘንቢል ሄደ። ከዘንቢሉ አፍ የዳቦ ፍርፋሪና የሻይ ፔርሙስ ይታያል።

ፈጠነች አጎንብሳ ዘንቢሉን ሳበችና እስራኤል እግር ሥር አስቀመጠችው።

«በልቷል» አለች።

የትምወርቅ ፊቷ ቀላ። እስራኤል ምን እንደበላና መቼ እንደበላ አንድ በአንድ ጠይቆ ጻፈና ቀዶ ሕክምናውን ለነገ ጠዋት አዛወረው። እሱ ሲሄድ የትምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ወደ ፈጠነች ተጠጋች።

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አሳፈርሽኝ።»

«እፈሪ፣ እህቴ» አለች ፈጠነች። «እፍረት ያልፋል።»