በጣቷ ያየችው ቀዳዳ

«ጣትሽን አሳልፊበት» አለ አባቷ፣ ወገቡን ይዞ ከመኪናው አጠገብ እየተነሳ።

የጋራዡ ደንብ ነው። የፊት ጎማን የሚያሽከረክረው ዘንግ መጋጠሚያው ተቀይሮ፣ የላስቲክ ሽፋኑ ግራሶ ተሞልቶ ከታሰረ በኋላ የመጨረሻው ፍተሻ የእሷ ነው። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም ቀጫጭን ጣቶቿ ከሽፋኑ እጥፋቶች መሃል ይገባሉ። «እሷ ካላሳለፈችው መኪናው አይወጣም» እያለ አባቷ በደንበኞቹ ፊት ይኮራባታል።

ሦስተኛው እጥፋት ላይ ጣቷ ቆመ። የስንዴ ፍሬ የማታህል ቀዳዳ ነበረች። አባቷ የሽፋኑን ከንፈር በካቻቢቴ ሲጎትት ወግቶታል፤ አላየውም።

በዚያች ቀዳዳ ግራሶው ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ አቧራው ደግሞ ብረቱን ይበላዋል። ከመኪናው የወጣው አሮጌ መጋጠሚያ እንዲሁ ተበልቶ ነው መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ቋ፣ ቋ ሲል የከረመው። የመኪናዋ ባለቤት ደግሞ በየሳምንቱ በአቧራማ መንገድ ገጠር ድረስ ክትባት ይዛ የምትሄድ ነርስ ናት። አሁን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች።

ባለፈው ወር ግን እሷ ትምህርት ቤት ሳለች መኪናው የተሠራለት አንድ ባለሚኒባስ በተመሳሳይ ጥፋት ተመልሶ መጥቶ፣ «ዓይንህ አያይም እንዴ?» ብሎ አባቷ ላይ ጮኾበት ነበር። አባቷ ያን ጊዜ ሳቀ። ማታ ግን እህል አልወርድ አለው፤ እናቷ ብትጠይቀው «ድካም ነው» አላት።

«አለቀ ጋሼ?» አለች ነርሷ።

ልጅቷ ጣቷን ከቀዳዳው አላነሳችም። አለፈ ብትል አባቷ አያፍርም፤ ነርሷ ግን መንገድ ላይ ትቀራለች።

«አባዬ፣ ቀድጄዋለሁ» አለች። «ማሰሪያውን ሳጠብቅ በካቻቢቴ ወጋሁት።»

አባቷ ጎንበስ ብሎ አፍንጫው ሽፋኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። አሁንም እንዳላየው ገባት። እጁን ይዛ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አሳረፈችለት። ቀና ብሎ ወደ ነርሷ ዞረ።

«ይቅርታ ሲስተር፣ አንድ ሰዓት ይጨምራል።»

«እኔ ደግሞ በሩ ላይ ‹ፈጣን ጥገና› የሚለውን አምኜ!» ነርሷ ሳቀች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ «አይዞሽ፤ እኔም መርፌ መውጋት ስማር የስንቱን ክንድ አሳብጫለሁ» አለቻት። ላላጠፋችው ጥፋት መጽናናቷ ልጅቷን አሳፈራት።

ሮጣ ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ሽፋን ይዛ ስትመለስ አባቷ የተቀደደውን አውልቆ ጠብቋታል። ካቻቢቴውን ግን አላነሳውም።

«አንቺ አልብሺው። ከንፈሩን ግራሶ ቀቢና በአውራ ጣትሽ ግፊው። አትቸኩዪ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ገፋችው፤ ገባላት። ጣቷን በየእጥፋቱ ሁለት ጊዜ አሳለፈች። ነርሷ አመስግና ሄደች፤ በሩ ጋ ስትታጠፍ መኪናዋ ድምፅ አላሰማችም።

«ካቻቢቴውን አልነካሽውም» አለ አባቷ።

«አልነካሁትም።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ከጸዳም በኋላ መጥረጉን አልተወም። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከባለሚኒባሱ ጀምሮ።»

«ዓይኔ እምቢ ካለ ምን ሠርቼ እኖራለሁ? ሌላ ሙያ የለኝም።»

አባቷን እንዲህ ሲፈራ አይታው አታውቅም። ልቧ ተነካ፤ በጣም ወደደችው።

«መጀመሪያ ሐኪም ይየው» አለች።

«እሺ። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት።»

እሺ ማለት ቀላል ነበር። ለእሱ ስትል ግን ዛሬ አንዴ ዋሽታለች፤ መድገም አልፈለገችም።

«እኔ አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ፤ ዛሬውኑ።»

«ደግሞ አለቃ ሆንሽብኝ?» ሊቀልድ ሞከረ። አልሳቀችለትም።

የጋራዡን በር አብረው ዘጉ። ሌላ ቀን ጥላው ወደፊት ትሮጥ ነበር፤ ዛሬ እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር አስተካከለች። ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ አባቷ ቆመ።

«አጠገቤ ትሆኛለሽ?»

ክንዱን ያዘችና በሩን አንኳኳች።