ከዳንቴሉ ስር

የኢንተርኔት ድርጅቱ ቴክኒሻን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ገለጠው። የቤቱ እመቤት ከስፌት መኪናዋ ተነስታ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ከኋላው ቆማለች። ዳንቴሉን የሠራችው ራሷ ናት። ቴሌቪዥኑን፣ ዋይፋዩንና አጠገቡ ያለችውን ትንሽ የፊልም ሳጥን አንድ ላይ ይሸፍናል። ሴትዮዋ አቧራ አትወድም።

ሰውየው ወሬ አላበዛም። በዚህ ቤት መስመር የሚገባ አንድ ሰው የማያውቃቸውን ሰዎች አካውንት ሰብሮ ለመግባት እየሞከረ ነው አለ። አቤቱታው የመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በስልክ አስጠንቅቀው ነበር፤ አልቆመም። አሁንም ካልቆመ መስመሩ ይቆረጣል፣ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። የቤቱ እመቤት የስልኩ ማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ መስሏት ጆሯቸው ላይ ዘግታው ነበር።

«እዚህ ቤት ቪፒኤን የሚጠቀም አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰው ከየት እንደሚገባ እንዳይታወቅ የሚሸፍን ነገር ነው፣ እናት።»

በሩ አጠገብ ልጇ ቆማለች። ይህችን ልጅ ቤተሰቡ ፊውዝ ይላታል። ትንሽ ሳለች ሬድዮ እጠግናለሁ ብላ የመንደሩን መብራት ሁሉ ድርግም ስላደረገች ስሙን ያወጡላት አጎቷ ናቸው። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። በዚህ ቤት ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የሚጠየቀው ከእሷ ነው። በዚያች የፊልም ሳጥን ላይ ቪፒኤን የጫነችውም እሷ ናት።

አፏን ከመክፈቷ በፊት ከኮሪደሩ ድምፅ መጣ።

«እኔ እጠቀማለሁ።»

ተከራዩ ነበር። የጀርባውን ክፍል ተከራይቶ፣ ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ የሰው ሰነድ የሚተረጉም ዝምተኛ ወጣት ነው። የደንበኞቹ ሰነድ በመንገድ እንዳይታይ እንደሚጠቀምበት፣ የሚሸፍነውም የእሱን ኮምፒውተር ብቻ እንደሆነ ረጋ ብሎ አስረዳ። ቴክኒሻኑ አዳመጠው። ከዚያ ስሙን ጠይቆ ስልኩ ላይ ጻፈ።

ፊውዝ አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያለች ሰውየው ወጥቶ ሄደ።

እናቷ ስትናደድ አትጮህም። መርፌ አንስታ ክር ታስገባለች።

«እስከ እሁድ ክፍሌን ልቀቅልኝ» አለችው፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ንጹሕ ሰው በር ዘግቶ አይውልም።»

ፊውዝ ምንጣፉን አየች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ወር ነው። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ስለ አንድ ተከታታይ ድራማ ያወራሉ። ድራማው ደግሞ በዚህ አገር አይከፈትም። እናቷም ፈተና እስኪያልፍ ድራማ የሚባል ነገር እንዳላይ ብላታለች። ጮሌ የምትባለው ጓደኛዋ አንድ ነጻ ቪፒኤን በፍላሽ አመጣችላት። ፊውዝ ሳጥኗ ላይ ጫነችው። ረጅም ጽሑፍ መጣ፤ ታች ወርዳ «እስማማለሁ» የሚለውን ነካች። ያን ሁሉ ማን ያነባል? እናቷ ልብስ ልታስረክብ በወጣች ቁጥር ድምፁን ቀንሳ ታያለች።

አንድ ጊዜ ተከራዩ የዋይፋዩን ፓስወርድ እንዴት እንደምትቀይር እያሳያት፣ «በነጻ ልሸኝሽ የሚል ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ እሱ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂው» ብሏት ነበር። ያኔ ስቃለች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለጮሌ ሁሉንም ነገረቻት።

«አታካብጂ ባክሽ» አለች ጮሌ። «አጥፊውና ዝም በይ። ማን ያውቃል?»

«ተከራያችንስ?»

«አገር ሙሉ ቤት አለ፣ አንድ ክፍል ያጣል? ፋራ አትሁኚ።»

ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቋ እንደ መቆም አለ። ያው አፕ እነሱም ቤት፣ አባቷ በሚሠሩበት ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ትዝ ብሏታል።

ከሰዓት በኋላ ፊውዝ ቤት ስትገባ ማንም የለም። እናቷ ክር ልትገዛ ወጥታለች። ተከራዩ ቤት ፍለጋ ሄዷል። ቦርሳዋን ሳታወርድ ዳንቴሉን ገለጠች። የዋይፋዩ አረንጓዴ መብራት ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። ስልኳን አጠፋች። መብራቱ ይርገበገባል። የፊልም ሳጥኗን ሶኬት ነቀለች፤ ቀጥ አለ። መልሳ ሰካችው። ትንሽ ቆይቶ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። የስፌት መኪናው ላይ ግማሽ የተሰፋ ቀሚስ ተጋድሟል። ፊውዝ ዞር ብላ በሩን አየች። ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ያለች አልመሰላትም።

ቴሌቪዥኑን ከፍታ ከአፑ ውስጥ ያን ረጅም ጽሑፍ አወጣችው። በዚህ ጊዜ አነበበችው። መሃል ላይ እንዲህ ይላል፦ አገልግሎቱ ነጻ እንዲሆን የቤትዎ መስመር ለሌሎች ተጠቃሚዎች መተላለፊያ ይሆናል። እሷ በእነሱ በኩል ድራማ ስታይ፣ እነሱ በእሷ ቤት በኩል ወደፈለጉበት ይገባሉ። እነማን እንደሆኑ አልተጻፈም። ጥለው የሚሄዱት ግን የዚህን ቤት አድራሻ ነው።

ሪሞቱን ይዛ አፑ ላይ ሄደች። «ይጥፋ?» ሲል ጠየቃት። አዎ፣ አይ።

«አዎ» የሚለውን ብትነካ ነገሩ ዛሬውኑ ይቆማል። እሁድ ተከራዩ ይወጣል። ቴክኒሻኑ ይደውልና ቆሟል ይላል። እናቷም ለጎረቤቱ ሁሉ፣ አላልኳችሁም? ልጁ ሲወጣ ቆመ፣ ትላለች። ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል? ጣቷ ሪሞቱ ላይ ቀረ።

በሩ ተከፈተና ተከራዩ ባዶ ካርቶኖች ታቅፎ ገባ። እንደ ወትሮው ስለ ፈተናዋ ጠየቃት። ደርሷል አለችው። ቤት አግኝቶ እንደሆነ ስትጠይቀው ካርቶኖቹን መሬት አስቀመጠ።

«አንድ አግኝቼ ነበር። ከነበርክበት ለምን ትወጣለህ አሉኝ።»

«ምን አሏቸው፣ ጋሼ?»

«ዝም አልኩ። ዝም ላለ ሰው ደግሞ አያከራዩም።»

ቴሌቪዥኑን ቀና ብሎ አላየም። ወደ ክፍሉ ገብቶ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ መደርደር ጀመረ። በሩን ክፍት ተወው። ከትናንት ወዲህ አይዘጋውም። ከሳሎን ሆኖ አልጋውም፣ ጫማውም፣ የታጠፈ ሸሚዙም ይታያል።

ፊውዝ ማየት አልቻለችም። ፊቷን መለሰች።

የውጭው በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። የእናቷ እርምጃ ነው፤ ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል። ለማጥፋት አሁንም ጊዜ አለ። ፊውዝ ሪሞቱን አየች፣ «አይ» የሚለውን ነካች። ከዚያ ዳንቴሉን ሙሉ በሙሉ አነሳችና አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው።

«ዳንቴሌን ማነው ያነሳው?» አለች እናቷ፣ ከደጃፉ።

«እኔ ነኝ፣ እማ።» ድምፅዋ ቀጠነባት። ወደ ኮሪደሩ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎም አንዴ ይምጡ።»

እናቷ ክሮቿን እንደያዘች ቆመች። ቴሌቪዥኑ ላይ የተከፈተ ድራማ የለም። ማንም ስልክ አልያዘም። አረንጓዴው መብራት ግን አንድ ነገር እንዳባረረው ይሮጣል። ሴትዮዋ ትንሽ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማነው እሱ?»

ፊውዝ የስፌት ወንበሩን ሳበችላት።

«አላውቀውም፣ እማ። ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ። ቁጭ በይና ላሳይሽ።»