ከመስታወቱ ወዲህ

ከአገር ርቄ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ የተከራየኋት ክፍል ከአንዲት እናትና ከልጇ ቤት ጀርባ ናት። እናትየው፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ልጃቸው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ከሥራ ስትገባ አጠገባቸው ትቀመጥና ቀኑን ታወራላቸዋለች፤ ማን በስልክ እንደጮኸባት፣ የትኛው አለቃ ሚስቱ ስትደውል “የለም በይልኝ” እንዳላት። የእማማ ሳቅ ግድግዳውን አልፎ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር።

የልጅቱ ግራ ጆሮ ቀድሞ ጠፍቷል። መጀመሪያ ቤቱ ይዞርባት ነበር፤ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ያስመልሳታል። ከዚያ ጆሮዋ ውስጥ እንደ ውሃ ፓምፕ የሚጮህ ነገር ገባ። በመጨረሻ ጆሮው መስማት ተወ። እሷ ግን ቀልደኛ ናት። “ግራውን ጡረታ አውጥቼዋለሁ” ትለኝ ነበር። “ቀኙ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ለእሱ አውራ፣ ምሁሩ።”

ቀኙም ይደፈንብኝ ጀመር ስትል ታላቅ ወንድሟ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰዳት። እሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሰሞን ከመንገድ ተመልሶ ነበር። እማማ ካልሄድኩ ስላሉ ክንዳቸውን ይዤ እኔም አብሬ ሄድኩ።

ልጅቱን ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጧት። በመስታወቱ በኩል ትታየናለች፤ ማዳመጫ አድርጋ፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር የምትጫነውን ቁልፍ በእጇ ይዛ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ድንገት ትጫናለች። አንዴ ቀና ብላ አየችንና እጇን አውለበለበችልን።

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ሲመለከት ቆይቶ ወደ እኛ ዞረ። “የውስጠኛው ጆሮ በሽታ ነው። ቀኙም በግራው መንገድ እየሄደ ነው” አለ። “እንዲህ ያለ ውጤት ካላቸው ብዙዎቹ ሁለተኛውንም ያጣሉ። ዓመት ሊቆይላት ይችላል፤ ሁለትም።”

“እርግጠኛ ነህ ዶክተር?” አለ ወንድምየው።

“ግምት ነው። ግን ዝም ብሎ የተገመተ አይደለም። ለዚህ ነው አሁኑኑ ማወቅ ያለባት። ከንፈር ማንበብ የሚቀለው እየሰሙ ሲለምዱት ነው። ከእናቷም ጋር በእጅ በመነካካት የሚግባቡበትን መንገድ ከዛሬ ይጀምሩ። ደግሞ አንድ ቀን ድንገት ቢቀንስባት ሳታድር ትምጣ። ቶሎ ከተደረሰ መድኃኒት የሚመልሰው ነገር ሊኖር ይችላል።”

እማማ በትራቸውን ወለሉ ላይ ተጫኑት። “አይነገራትም” አሉ።

“እማማ፣ ሕመሙ እኮ የእሷ ነው” አለ ሐኪሙ።

“ስማኝ ልጄ። የእኔ ዓይን የጠፋው የጠፋ ቀን አይደለም። እንደ አንተ ያለ ሐኪም ‘ይጠፋል’ ያለኝ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ማየት እችል ነበር፤ ግን ስፈራ ነው የኖርኩት። የልጄን ፊት ባየሁ ቁጥር ማልቀስ ሆነ ሥራዬ። ይህን ለእሷ አላወርስም።”

በተማርኩበት አገር ውጤቱን አትመው ለበሽተኛው በእጁ ይሰጡታል፤ ያም አንዳንዴ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም፣ “ባይነግሩዎት ኖሮ ፊቷን ልብ ብለው ያዩት ነበር?” አልኳቸው።

የመለሰልኝ ወንድምየው ነው። “አንተ ተከራይ ነህ” አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን፣ የረሳሁትን እንደሚያስታውሰኝ ሁሉ። ወደ ሐኪሙም ዞሮ፣ “ግምት ነው ብለሃል። ከብዙዎቹ ባትሆንስ? በግምት ልቧን አንሰብርም። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፤ ለእኛ ተውልን” አለው።

ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ተመለከተ። አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። “እሺ። ግን ንገሯት” ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ልጅቱ ማዳመጫውን አውልቃ ወጣች። “እህ፣ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?”

“አልፈሻል” አሏት እናቷ። “ነርቩ ደክሞ ነው አሉ። ሲያርፍ ይመለሳል።”

መሥሪያ ቤቷ ስለ ጆሮዋ ብሎ ስልክ ወደሌለበት መዝገብ ክፍል ላዛውርሽ ሲላት “ለድካም ብዬማ ወንበሬን አልለቅም” አለች። ወንድምየውን ባገኘሁት ቁጥር “ነገርካት?” እለዋለሁ፤ “ከዚህ ጉዞ ልመለስ” ይለኛል። ወንድምየው ግምት ነው ሲል ሊዘገይ ይችላል፣ ሊቀርም ይችላል ማለቱ ነበር። ሊቀድም እንደሚችል ማንም አላሰበም።

ወር ሳይሞላ ቀደመ። እኔ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርኩ። ልጅቱ ጠዋት ስትነቃ የእናቷ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰላት። የተነገራትን አመነችና “ነርቩ ደክሞ ነው፣ ልረፍ” ብላ ተኛች። እማማ “ሳታድር ትምጣ” የሚለውን ቃል አልረሱትም። ግን ሐኪም ቤት እንሂድ ቢሉ ለምን ትላቸዋለች። ወንድ ልጃቸው ከመንገድ እስኪመለስ ቀናት ጠበቁ። ሲመለስ ይዟት ሮጠ፤ መድኃኒቱም ተሰጣት፤ ምንም አልመለሰም። “መቼ ነው የጀመራት?” ብሎ ሐኪሙ ሲጠይቅ እሷ በመካከላቸው ቆማ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን አፍ እያየች፣ “ምን አለ? ምን አለ?” ትል ነበር።

አሁን ያ ቤት እንዲህ ነው። ልጅቱ ትናገራለች፣ እናትየው ይሰማሉ። እናትየው ሲመልሱ ልጅቱ አትሰማም። ወንድሟና እኔ እየጻፍን እናሳያታለን፤ እማማ ግን ጽሕፈት አያውቁም። በእጅ የሚግባቡበትን ነገር በቀላሉ ሊማሩ የሚችሉት ድምፅ ሳለ ነበር፤ አንዷ እያስረዳች፣ ሌላዋ እየጠየቀች። አሁን ማን ለማን ያስረዳ?

እባካችሁ፣ የሰውን ሕመም ከሰውየው አትደብቁ። ሐኪም ሊመጣ ይችላል ያለው ነገር ላይመጣ ይችላል፤ እውነት ነው። የመዘጋጃው ጊዜ ግን የበሽተኛው ነው። እኛ በደግነት ስም ስንወስድበት የምንመልስለት የለንም።

ባለፈው እሑድ እማማ አስጠሩኝ። “የደበቅኳት እኔ መሆኔን አታውቅም” አሉኝ። “ልነግራት እፈልጋለሁ።”

“ይንገሩኝና ልጻፍላት።”

“በሰው እጅ አይሆንም። የደበቅኳት እኔ፣ የምነግራትም እኔ ነኝ።”

ልጅቱ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እማማ እጇን ይዘው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። መዳፏን በጣታቸው ነኩ፣ ጆሮዋን ነኩ፣ የራሳቸውን ደረት ነኩ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። እንባቸው እየወረደ ደግመው መዳፏን ነኩ፣ ደግመው አፋቸውን።

ልጅቱ ፊታቸውን ትክ ብላ ስታይ ቆየች። ከዚያ የገባት መሰላትና ፊቷ በራ።

“ውሃ ነው እማዬ?” አለች፣ ድምፅዋ ከልክ በላይ ጮክ ብሎ። “አንቺ ደግሞ፣ ለውሃ ታለቅሻለሽ እንዴ?”

ተነሥታ ብርጭቆ ሞልታ አመጣችና እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው። እማማ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ጠጡት።